ከገና እስከ ቅበላ የሰማኋቸው አራት ሸክላዎች

አሰላ፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 24 ቀን 1966 ዓ.ም.

ዳኛ ሆንኩ። የስድሳ ሁለት ተማሪ ደብተር ሳይታረም ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ እያየሁት፣ የጭላሎ ሙዚቃ ወዳጆች ክበብ በየዓመቱ ለሚሸልመው «የዓመቱ ምርጥ ትልቅ ሸክላ» ዳኛ ሆንኩ። አምና ዳኛ የነበረው የሂሳብ አስተማሪ ወደ አቦምሳ ተዛወረና «መምህርት ብርቄ አማርኛ ስለምታስተምር ግጥም ትመዝናለች» ብለው ጎተቱኝ። እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ይኸው ነው በሽታዬ።

ዳኞቹ አራት ነን። ሰብሳቢው ግራዝማች ገብረሥላሴ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በፍርድ ቤት ወንበር ተቀምጠው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ሻይ ሲያዙ ብይን የሚሰጡ የሚመስሉ ሰው። አቶ ከዲሮ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ቱሳ የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ ፀጉሩን ከማጎፈሩ የተነሣ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። አራተኛዋ እኔ።

ክበቡ ያለው ግራማፎን አንድ ነው። በፊት ዳኞቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር አሉ፤ አምና ሁለቱ በሸክላው መሀል ተጣልተው አንደኛው ባርኔጣውን ጥሎ ስለሄደ፣ ዘንድሮ ግራማፎኑና ሸክላዎቹ በየዳኛው ቤት አሥር አሥር ቀን እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጊዜውም ተቆርጧል። ግራዝማች በጾም ዘፈን አይሰሙም። የገና ጾም ሳይፈታ አንድ ሸክላ አይነካም፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ሁሉም ነገር አበቃ። ስለዚህ ከገና እስከ ቅበላ።

«ክበቡ የሁላችን አይደለም እንዴ?» ብሎ ቱሳ አጉረመረመ።

አቶ ከዲሮ ሳቁ። «ተዋቸው አቦ! የኛ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እነሱ ይጠብቁናል።»

ከዚያ የአራቱ ሸክላዎች ዝርዝር ተነበበ። አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ወደቀ። ጠረጴዛው የተንጋደደ ስለሆነ ነው።

አራተኛው የሀሊሜ ነው።

አሸናፊው ዋንጫ ይሸለማል፤ ዋናው ግን ክበቡ የሚቀጥለውን ሸክላ ወጪ መቻሉ ነው። ሀሊሜ ከሸክላው ጋር አጭር ደብዳቤ ልካለች። ግራዝማች አነበቡት፤ አሳታሚዋ ይህን ካወጣላት በኋላ ሁለተኛ አላወጣልሽም ብሏታል፣ ይህ ሽልማት ካልሆነ ሌላ መንገድ የላትም። «ልመና አይደለም፣ እንድታውቁት ብዬ ነው» ይላል መጨረሻው። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ለምና ስታበቃ አልለመንኩም ትላለች።

ደንብ ቁጥር አራት፦ ከተወዳዳሪ ጋር ዝምድና ወይም ወዳጅነት ያለው ዳኛ ካሁኑ ይናገር። አቶ ከዲሮ እጃቸውን አውጥተው «የዚች የሀሊሜ አባት ነፍሱን ይማረውና ደንበኛዬ ነበር» አሉ። ግራዝማች አሰብ አድርገው «ደንበኛ ወዳጅ አይደለም፣ ይቀጥሉ» አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ወዳጅ ይባላሉ? አይባሉም። አብረን አደግን፣ በሰው ሠርግ አብረን ዘፈንን፣ አዲስ አበባ አብረን ልንሄድ ተነጋገርን፤ የመሄጃው ቀን ግን ትኩሳት ያዘኝና እሷ ሄደች። ይኸው ነው ታሪኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30

ዕጣ ወጣ። መጀመሪያ አቶ ከዲሮ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ቱሳ፣ መጨረሻ ግራዝማች። ደብተሩ አልታረመም። የገና ዶሮ ደግሞ ሆዴን ነፍቶኛል።

ዓርብ፣ ጥር 3

ጉድ እኮ ነው! ዛሬ በአቶ ከዲሮ ሱቅ ሳልፍ ግራማፎኑን ባንኮኒው ላይ ከአቡጀዲው ጥቅል አጠገብ ደግነውት ገበያተኛውን ሁሉ ያሰማሉ። ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱን ደንበኛ «አካም፣ ይቺ እንዴት ናት? ከዚያኛው ትሻላለች?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይህ ዳኝነት ነው ወይስ የገበያ ግርግር?

«አቶ ከዲሮ፣ ዳኛው እርስዎ ነዎት ወይስ ገበያተኛው?» አልኳቸው።

«እህቴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። ጨርቅ ጥሩ መሆኑን የማውቀው ሴትዮዋ ሳትገዛ ሄዳ ስትመለስ ነው። ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ከሳጉሬ የመጣች አንዲት ሴት የሀሊሜን ሰምታ ወጣች፣ ከዚያ ተመለሰች። ወላሂ ቆማ አለቀሰች።»

«ምኗ ነው የሚያስለቅሰው?»

«እሱን አንቺ ስትሰሚው ንገሪኝ።»

ንድድ ብሎኝ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ግራማፎኑ መጣ። እማዬ «የት ሊቀመጥ ነው ይሄ ሳጥን?» አለች። አልጋዬ ግርጌ። ነገ ከተራ ነው፣ የምሰማበት ጊዜ የለም። አቶ ከዲሮ አራቱንም ሸክላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የላኩት። መርፌው አርጅቷል። አዲስ መርፌ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል። ይመጣል የተባለ ነገር ደግሞ!

እሑድ፣ ጥር 12

ሦስቱን ሰማሁ። አስተያየቴን ልጻፍ።

አንደኛው «ነጭ መኪና»፣ የአዲስ አበባ ትልቅ ባንድ ነው። አሥር ዘፈን፣ አሥሩም ላይ መለከት። ዘፋኙ ሊናገር አፉን ሲከፍት መለከቱ ይቀድመዋል። ከአሥሩ ዘፈን በስድስቱ መኪና አለ። ቮልስ፣ መርቼዲስ፣ ደግሞ ቮልስ። ሰውዬው ልጅቷን ይወዳት እንደሆን ወይም ጋራዥ ሊከፍት አስቦ እንደሆን አልገባኝም።

ሁለተኛው «ምክር» ይባላል። አንድ ሽማግሌ ከማሲንቆ ጋር። ልጄ ሆይ አትስከር፣ ልጄ ሆይ አትስነፍ፣ ልጄ ሆይ ጎረቤትህን አትማ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን አምስተኛው ላይ ስደርስ የአባቴን አለንጋ አስታወሰኝ። ግራዝማች እንደሚወዱት ከወዲሁ አውቃለሁ።

ሦስተኛው «ሞገድ»። ጊታር ነው፣ ጊታሩ ግን ያለቅሳል፣ ይንጫጫል፣ ሆዱን የቆረጠው ሕፃን ይመስላል። ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው የዘፈነው ልበል? ቱሳ በሸክላው ልባስ ላይ ያለውን የልጁን ጎፈሬ ሳያይ አይቀርም፣ ምርጫውን ጨርሷል።

አራተኛውን አልሰማሁም። ዛሬ ደከመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

አራተኛውን ሰማሁ። «የሳጉሬ መንገድ»። ልባሱ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ወፍራለች።

ዳኛ ነኝና ጉድለቱን እጽፋለሁ። አኮርዲዮኑ ከእሷ ይጮኻል። ሁለተኛው ዘፈን ረዝሟል። በኦሮምኛ የዘፈነቻቸው ሁለቱ ግን ጥሩ ናቸው፣ ጥሩ መሆናቸው ያናድዳል። በጀርባው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ደግሞ ትልቅ ስሕተት አለበት። እሷ ትጠራለች፦

«ገብሱ ጎመራ አሉ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ማን አብሮኝ ይሄዳል፣ ማልዶ ማልዶ።»

ከዚያ መልስ መምጣት አለበት። የጥሪና የመልስ ዘፈን ነው፣ ማንም ያውቀዋል። መልሱ ግን የለም። አኮርዲዮኑ ብቻውን ዜማውን ሲጫወት ይቆይና እሷ እንደገና ትጠራለች። ሦስት ጊዜ ትጠራለች፣ ሦስቴም መላሽ የለም። ይህ ምን ማለት ነው? ሰው ቢጎድልባት ሌላ አትቀጥርም ነበር? ግጥሙ እንደተቆረጠ ይሰማል። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ስሕተቱን ለማረጋገጥ ሦስተኛውን ዘፈን ደግሜ ሰማሁት። ስሕተት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበር። መምህራኑ ሁሉ ተቆጥተዋል፣ አዲስ አበባ ያሉት ሥራ ሊያቆሙ ነው ይባላል። እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወታል።

ቤት ስገባ እማዬ «ዛሬም ያንኑ ልትሰሚ ነው?» አለችኝ።

«ለዳኝነት ነው እማዬ።»

«ሌሎቹን ሦስቱን አንድ አንዴ ነው የሰማሽው። ቆጥሬ ነው።»

«ምን ትቆጥሪያለሽ? ሥራ የለሽም?»

«የሀሊሜ ድምፅ ነው። እንዴት አልቆጥር? ወተት የምትጠጣው እዚህ ቤት ነበር።» ቀጥላ «ለምን እንዳልሄድሽ እኮ አልነገርሽኝም» አለች።

«ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

«ትኩሳት አላልሽም?»

ናላዬን ታዞረዋለች ይቺ ሴት። ክፍሌ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

የመጨረሻ ቀኔ ነው፣ ነገ ለቱሳ አስረክባለሁ። እማዬ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር፣ በሩን ዘጋሁ። መልሱ ባለበት ቦታ፣ ማለቴ መልሱ በሌለበት ቦታ፣ ልክ ይገጥም እንደሆን ለማየት መልሱን አብሬው ዘፈንኩ። ለሙከራ ነው። የመጀመሪያው ላይ ዘገየሁ። መርፌውን አንሥቼ መለስኩት። ደግሞ ቀደምኩ። እንደገና መለስኩት። ድምፄ ዝጓል፣ የጠመኔ አቧራ በልቶታል። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ልክ ገባልኝ። አኮርዲዮኑ ለእኔ ቦታ ለቆ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ እስትንፋስ የምወስድበት ጋ እሱም ይቆማል።

አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው ብዬ መርፌውን ሳሳርፍ እጄ ተንሸራተተ። ክርርር አለ።

እሑድ፣ ጥር 19

ሸክላው ተጭሯል። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል። «ማን አብሮኝ ይሄዳል፣ ማልዶ» ትላለች፣ ጧ! ይልና ወደሚቀጥለው ጥሪ ይሻገራል። የአኮርዲዮኑ ቦታ በሙሉ የለም። ሌላው ቦታ ደህና ነው።

ምንም ሳልናገር በአቶ ከዲሮ ጨርቅ ጠቅልዬ ለቱሳ ላክሁ። መርፌው አርጅቶ ነበር እኮ። አርጅቷል ብዬ ጽፌ ነበር፣ ጥር 9 ላይ።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ቱሳን ገበያ መንገድ ላይ አገኘሁት። 

«ሰማኸው?»

«ሞገድን? እትዬ፣ እሱ እኮ ሌላ ዓለም ነው!»

«የሀሊሜን?»

«እሱ? ይንቋቋል። አንዱ ዘፈን ጋ ይዘላል። የፋብሪካ ችግር ነው መሰለኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። የቀረው ጥሩ ነበር።»

«የፋብሪካ ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው። እኔ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ደብዳቤ ጀመርኩ፣ ለግራዝማች። «የተከበሩ ግራዝማች፣ ሸክላውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። «የተከበሩ ግራዝማች፣ በግራማፎኑ መርፌ እርጅና ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ። ይህኛው የባሰ አስጠላኝ። አማርኛ አስተምራለሁ፣ አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ግን መጨረስ አልቻልኩም። ተማሪ ቢሆን ሁለት ከአሥር እሰጠው ነበር።

ሌላ ሸክላ ማግኘት ይቻል ይሆን ብዬ አቶ ከዲሮን ጠየቅሁ። «አዲስ አበባ አለ፤ ግን ቤንዚን ጨምሮ ሹፌሩ ሁሉ ተኮሳትሯል፣ ማን ያመጣልሻል? ለምን ፈለግሽው?» አሉ። «ለራሴ» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ግራዝማች አሁን እየሰሙ ነው። በቤታቸው በኩል ሳልፍ «ምክር» ይሰማል። ትናንትም «ምክር» ነበር። ሰውዬው ከራሱ ጋር ተስማምቶ ቁጭ ብሏል።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። ዝም ካልኩ ሸክላው ብልሽት አለበት ተብሎ ይወጣል፣ ሀሊሜ አለቀላት። ከተናገርኩ ደግሞ «ለምን እዚያ ቦታ ላይ?» ይሉኛል። ምን እላለሁ? ታኅሣሥ 24 እጄን ባወጣ ኖሮ ግራዝማች ሌላ ዳኛ ይተኩ ነበር፣ ሸክላውም ይኼኔ ደህና ነበር። አንድ እጅ ማውጣት! ቀኑን ሙሉ ልጆቹን «እጅ አውጡ» እላለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

የመምህራኑ ነገር ቁርጥ ሆነ፤ ሰኞ ሥራ ይቆማል። ተወዳዳሪዎች እሑድ ውጤት ሲነገር እንዲገኙ ተጠርተው ነበር፤ አቶ ከዲሮ እንደነገሩኝ እመጣለሁ ያለች አንድ ሰው ናት። እሷ። አጎቷ ቤት ታርፋለች። ባንዱ፣ ሽማግሌውና ባለ ጎፈሬው አይመጡም። የሚመጣው መቼም መምጣት የሌለበት ሰው ነው።

እሑድ፣ የካቲት 10፣ ቅበላ

ሁሉንም ልጻፍ።

በክበቡ ትንሿ ክፍል ተሰበሰብን። አዳራሹ ከግድግዳው ማዶ ነው፣ ሰው ሞልቷል። ግራዝማች ወረቀታቸውን ዘርግተው «ከምርጫው በፊት አንድ ጉዳይ አለ» አሉ። «የሳጉሬ መንገድ የተባለው ሸክላ በጀርባው ሦስተኛ ዘፈን ላይ ጉድለት አለበት። የተበላሸ ዕቃ ለውድድር አይቀርብም። ከዝርዝሩ ይሰረዝ እላለሁ።»

አቶ ከዲሮ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ግራዝማች፣ እኔ ስሰማው ደህና ነበር! ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ መቶ ሰው እጠራለሁ!»

«እኔ ጋ ሲመጣ ይዘል ነበር» አለ ቱሳ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በተራው በመሀላቸው ያለሁት እኔ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እጄ ተንሸራቶ።»

ግራዝማች መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው ጥፋቱ የሸክላው አይደለም፣ ይመለሳል» አሉ። «ነገር ግን ያልሰማነውን እንዴት እንፈርዳለን? እኔና ቱሳ ያን ቦታ አልሰማንም። እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለ?»

«አኮርዲዮን ነበር» አሉ አቶ ከዲሮ፣ «ዜማው ግን እንዴት ነበር... ላ ላ ላ...» ብለው ሞከሩ። የከብት ሽያጭ ጨረታ ይመስል ነበር። ቱሳ ሳቁን ዋጠ።

እኔ ነበርኩ መንገር ያለብኝ። በዜማ ብቻ፣ ያለ ቃል ላሰማቸው አስቤ ነበር። አፌን ስከፍት ቃሉም አብሮ ወጣ፦

«እኔ አለሁ ጠብቂኝ፣ ነጠላዬን ላንሳ፣
እደርስብሻለሁ፣ ጉሙ ሳይነሣ።»

ሦስቱንም መልስ ዘፈንኩ። ማቆም አልቻልኩም። ስጨርስ አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ግድግዳው ቀጭን ነው።

ቱሳ ወለል ወለሉን ያያል። ግራዝማች መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ቃሉ በሸክላው ላይ አለ?» ብለው አቶ ከዲሮን ጠየቁ።

«የለም።»

«አንቺ ከየት አገኘሽው?»

ወረቀቴን ማጠፍ ያዝኩ።

«በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሳጉሬ ላይ ልጄን ስድር ሁለት ልጆች ይህን ዘፍነዋል» አሉ። «ሙሽራይቱ ደጋግማችሁ ዝፈኑ ብላ እስኪነጋ አቆየቻቸው። አንዷ እስላም፣ አንዷ ክርስቲያን ነበረች። ሰው ሁሉ እህትማማች ናቸው ይል ነበር። አንዷ አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«እጅሽን አላወጣሽም።»

«አላወጣሁም።»

«እንግዲህ መምረጥ አትችዪም» አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻከር ብሎ ነበር፣ ብይናቸው ግን አልላላም።

ከዚያ የሆነው ይኸው ነው። አቶ ከዲሮ ሀሊሜን መረጡ። ቱሳ ትንሽ አመነታ፣ እኔን አየ፣ መልሶ «ሞገድ» አለ። ግራዝማች «ምክር»። አንድ አንድ ለየሦስቱ፣ ሲተካከል ደግሞ የሰብሳቢው ይጸናል። እኔ ዳኛ ሆኜ ብቆይ ለሀሊሜ ሁለት ይሆን ነበር። ከመጀመሪያው ተናግሬ ብወጣ በእኔ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ያልተጫረ ሸክላ ይሰማ ነበር። በየትኛውም በኩል ብዞር እዚያ ቦታ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ውጤቱ በአዳራሹ ሲነበብ በጓሮ በር ወጣሁ። አዎ፣ ወጣሁ። ጭብጨባውን ከመንገድ ነው የሰማሁት። እስከ ቤት ድረስ ራሴን ስሰድብ መጣሁ፤ ለቅበላ የቀረበውንም ሥጋ አልቀመስኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ጾም ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። የአዲስ አበባው መኪናም አልመጣም፣ ታክሲዎቹም ሥራ አቁመዋል አሉ።

ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። እማዬ ከፈተችና «ሀሊሜ! ሀሊሜ ልጄ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ጓዳ ነበርኩ። የጓዳው መስኮት ጠባብ ባይሆን ኖሮ በዚያ እወጣ ነበር መሰለኝ።

ገብታ ተቀመጠች። አልወፈረችም፣ ፎቶው ነው። እማዬ ነገሩ ገብቷት «ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች።

«መኪና የለም» አለች ሀሊሜ። «አጎቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ሰው ያጽናናኛል? ሰለቸኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሸክላውን፣ መርፌውን፣ እጄን አለማውጣቴን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ሽልማቱን እፈልገው ነበር፣ ያ ብርቄ» አለች። በልጅነታችን በኦሮምኛ እንደምትጠራኝ። «ግድ የለም አልልሽም። በጣም እፈልገው ነበር። አሁን ሆቴል ቤት ነው የምዘፍነው፣ ሰዉ ሥጋ እየቆረጠ። ማንም ቀና ብሎ አያይም። ሁለተኛ ሸክላ ቢወጣልኝ ከዚያ እወጣ ነበር።»

 ያን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅሁት ሞኝ ጥያቄ ነው። «መልሱን ለምን ባዶ ተውሽው?»

«ስቱዲዮ ሌላ ልጅ አምጥተው ነበር። ጥሩ ድምፅ ያላት፣ ቆንጆ ልጅ። ‹እደርስብሻለሁ› ስትል ልሰማት አልቻልኩም። አስወጡልኝ አልኩ። አኮርዲዮን ተጫዋቹን ‹እዚህ ጋ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ቁምላት› ብዬ አስተማርኩት።» እጇን አየች። «ትናንት አዳራሽ ሆኜ በግድግዳው ሰማሁሽ። አሁንም እዚያችው ጋ ነው የምትተነፍሺው።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቻለሁ። «ሀሊሜ፣ ያን ቀን አልታመምኩም ነበር። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «መኪናው በበራችሁ ሲያልፍ አይቼሻለሁ። ግቢ ትጠርጊ ነበር።»

ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ትኩሳት፣ ጥርስ፣ ሆድ ቁርጠት ስል እሷ መጥረጊያውን ጭምር አይታለች። ለማንም አልተናገረችም። አባቷ ሞቶ ለቅሶ ሳልደርስ ስቀር ሰዎች «ብርቄ ታማ ነው እንጂ አትቀርም ነበር» ሲሉ እንኳ ዝም ብላለች።

ስትወጣ «ነገ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት መኪና አለ ተብሏል» አለች።

«እሸኝሻለሁ።»

«እንዳሻሽ» አለች፣ ወደኋላ ሳትዞር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይንደቀደቃል፣ ረዳቱ «ናዝሬት፣ አዲስ አበባ!» እያለ ይጮኻል። ሀሊሜ የለችም።

አሥራ አንድ ሆነ። የለችም። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «ትንሽ ይጠብቁ፣ ሰው ትመጣለች» አልኩት። «እህቴ፣ ሰው ሁሉ ትመጣለች ነው የሚለኝ» አለና ፊቱን አዞረ። ረዳቱን ለመንኩ። በመንገዱ በኩል ሮጥ ብዬ አየሁ፣ ተመለስኩ። እግሬ ደነዘዘ። ሳትነግረኝ በሌላ መኪና ሄዳ ይሆን? ታማ ይሆን? ደግሞ፣ ትምጣ እንጂ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ አልኩ። በራሴም፣ በእሷም፣ በሹፌሩም ተናደድኩ። የመጨረሻው ተሳፋሪ ገባና ረዳቱ በሩን ያዘ።

ያን ጊዜ መጣች። ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ቀስ ብላ፣ ገበያ እንደምትወጣ ሴት።

«የት ነበርሽ?» ብዬ ጮኽሁባት። «ሊያመልጥሽ ነበር እኮ!»

«እዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ጥግ ቆሜ ሳይሽ ነበር» አለች። «ብርድ ነው፣ አይደል?»

«ብርድ ነው።»

«ያን ቀን ስጠብቅሽም ብርድ ነበር» አለችና ገባች።